ጠመኔ የነካው ጥፍሬ

«እትዬ፣ ጠመኔ ነክተሻል እንዴ?»

ታናሽ እህቴ ናት። እጄን ይዛ ወደ መስኮቱ እየጎተተችኝ ነው። የምታየው ጠዋት ሁለት እጅ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ደራርቤ፣ የቀባሁትን ሮዝ ኩቴክስ ነው። ስስ፣ ከስር የሚያሳይ፣ ተቀብተው ያልተቀቡ የሚያስመስለው ዓይነት። ብልቃጡ ውስጥ ሲታይ እንዴት እንደሚያምር!

የሚያናድደው፣ ቀለሙ የራሷ ነው። ከእሷ መሳቢያ ነው የወሰድኩት። ሳምንቱን ሙሉ እሷ ጣት ላይ እያየሁት ስቀና ሰንብቼ። የእሷ ጥፍር ንጹሕ፣ ጤነኛ፣ አሁን ከውሃ የወጣ ይመስላል። የእኔ ግን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የዋልኩ መምህርት አስመስሎኛል። አንድ እናት፣ አንድ አባት፣ አንድ ብልቃጥ። ውጤቱ ግን አይገናኝም።

«አንደርቶንሽን አታውቂውም ማለት ነው» አለችኝ፣ ልክ እንደ ሐኪም ፊቷን ኮስተር አድርጋ።

እውነቷን ነው፣ አላውቀውም ነበር። ቃሉን ሰምቼዋለሁ። ፋውንዴሽን ስገዛ ሻጮቹ ይሉታል፣ እኔም የገባኝ መስዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ነገሩ ግን ከባድ አይደለም። ሰውን ጠይም፣ ቀይ፣ ጥቁር ስንል የምንናገረው ስለ ቆዳው ጥልቀት ነው፤ ምን ያህል ጠቆረ፣ ምን ያህል ፈካ። አንደርቶን ከዚያ ስር የሚያንጸባርቀው ቃና ነው። ሁለት እኩል ጠይም ሴቶች ጎን ለጎን ይቀመጡ። የአንዷ ቆዳ ወርቅማ ሊሆን ይችላል፣ የሌላዋ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ቢጫ ወይም ኮክ ቀመሱን ሞቅ ያለ ይሉታል። ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀመሱን ቀዝቀዝ ያለ። ወደ የትም ያላደላው መሐለኛ ነው። አረንጓዴ ቀመስም አለ፣ በወይራ ፍሬ የሚመሰለው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

(በነገራችን ላይ «ቀይ ዳማ» የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ፍካቱን ብቻ ሳይሆን ከስር ያለውን ቅላትም አብሮ የሚናገር ይመስለኛል። ሰው አንደርቶን የሚል ቃል ሳይሰማ በፊትም ዓይኑ ያየው ነበር ማለት ነው።)

ቃናው ከየት ይመጣል? አንድም ለቆዳ ቀለም ከሚሰጠው ንጥረ ነገር፣ ከሜላኒን ነው። ሜላኒን ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቡናማና ጥቁሩ ዩሜላኒን፣ ወደ ቢጫና ቀይ የሚሄደው ፊዮሜላኒን። ከስር ደሙ አለ፣ ሄሞግሎቢኑ ቅላቱን ይሰጣል። ከምግብ የምናገኘው ካሮቲን ደግሞ ጥቂት ቢጫ ይጨምራል። የእነዚህ ቅልቅል ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከአንድ እናት ልጆችም መካከል።

እህቴ ወዲያው ምርመራ ጀመረች። የእጅ አንጓዬን ገለበጠችው። ደም ሥርሽ ሰማያዊ ከሆነ ቀዝቃዛ ነሽ፣ አረንጓዴ ከሆነ ሞቃት፣ ሁለቱንም ከሆነ መሐለኛ። ሁሉም ቦታ የሚነገረው ፈተና ይኼ ነው። አየን። አንዱ ሰማያዊ መሰለን። ከእሱ ሁለት ጣት አለፍ ብሎ ያለው አረንጓዴ። ሦስተኛው ጭራሽ አይታይም። በአንድ ክንድ ሦስት ሰው ሆኜ አረፍኩት።

በኋላ ሳነብ ነገሩ ተገለጠልኝ። ደም ሥር ውስጥ ያለው ደም ሰማያዊም አረንጓዴም አይደለም፣ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ቀይ ብርሃን ወደ ቆዳ ጠልቆ ይገባል፣ ደም ሥሩ ጋ ሲደርስ ይዋጣል። ሰማያዊው ብዙም ሳይጠልቅ ተመልሶ ይወጣል። ዓይናችን ደግሞ ደም ሥሩን ከዙሪያው ቆዳ ጋር እያስተያየ ነው የሚያየው። ስለዚህ የምናየው ቀለም የሚወሰነው ደም ሥሩ በስንት ጥልቀት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደወፈረ፣ ከላዩም ምን ያህል ሜላኒን እንዳለ ነው። ጠቆር ላለ ሰውማ ደም ሥሩ ራሱ በቅጡ አይታይም። ይኼን ፈተና ማን እንዳወጣው እንጃ፣ ብቻ የእኛን ክንድ እያየ አልነበረም።

ወርቅ ካማረብሽ ሞቃት ነሽ፣ ብር ካማረብሽ ቀዝቃዛ የሚለውም ፈተና ያው ነው። ሰው የለመደውን ጌጥ ያምርብኛል ይላል። ሌሎች ደግሞ የፊትዝፓትሪክን ደረጃ ከአንደርቶን ጋር ይቀላቅሉታል። እሱ ሌላ ነገር ነው። ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የተባሉ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡት፣ ቆዳ ፀሐይ ሲነካው ይቃጠላል ወይስ ይጠቁራል የሚለውን የሚለካ ነው። ስድስት ደረጃ አለው፣ ስለ ቃና ግን ምንም አይልም።

እኔን የረዳኝ ተራ ነጭ ወረቀት ነው። ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ መብራት ሳይበራ፣ እጄን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቼ አየሁት። ወረቀቱ ሲነጣ እጄ ያለውን አወጣ፤ ቢጫ ሳይሆን ደብዛዛ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ቡናማ። የእህቴን እጅ ከጎኑ አስቀመጥን። የእሷ ፈካ ያለ ነው፣ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ቅላት አለ። እስከዛሬ «አንድ ዓይነት እጅ ነው ያላችሁ» ሲሉን አምነን ኖረናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆማል። አንደርቶንሽን አወቅሽ፣ ቀለምሽን ግዢ። እኔም ገዛሁ፣ ሞቅ ያለ ኮክ ቀመስ ሮዝ። ቀባሁት። ጠመኔው ጠፋ፣ በምትኩ ከበሽታ የተነሳ ሰው ጥፍር መጣ። ቢጫ!

ለካ የረሳሁት ጥፍሩን ራሱን ነው።

ይኼን አሁኑኑ ሞክሩት። የአውራ ጣታችሁን ጥፍር በሌላው ጣት ጫን አድርጉት። ነጣ፣ አይደል? ልቀቁት። አንድ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ሮዙ ተመልሶ ይመጣል። ያ ሮዝ የጥፍሩ አይደለም፣ ከስር ያለው ደም ነው። ጥፍር ከኬራቲን የተሠራ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሚወፍር፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ነው። መስኮት ነው በሉት። ድፍን ቀይ ኩቴክስ ስትቀቡ መስኮቱን በመዝጊያ ትዘጉታላችሁ፣ ከኋላው ምን እንዳለ ለውጥ የለውም። ስስ ሮዝ ግን መጋረጃ ነው። በመጋረጃው በኩል ቤቱ ይታያል።

ስለዚህ ዓይን የሚያየው ሦስት ነገር ተደርቦ ነው፤ ከስር ያለው የጥፍር አልጋ፣ ከላይ ያለው ቀለም፣ ዙሪያውን የከበበው ቆዳ። የእህቴ ጥፍር ከስሩ ደማቅ ሮዝ ነው። ከላይ ወተት የመሰለ ቀለም ሲደረብበት ሮዙ ለስለስ ይላል፣ ያምራል። የእኔ ከስሩ ቡናማ ቀመስ ነው። ወተቱ ሲደረብበት አመድ ይሆናል። ፊቴን እያየሁ ቀለም ስመርጥ መክረሜ አሁን ያስቀኛል። የእጅ ቆዳ እንኳ ከፊት ይለያል። እጅ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፣ የጣት አንጓዎች ይጠቁራሉ፣ መዳፍ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው።

ጥፍራችሁ ላይ ቡናማ ሰረዝ ካለ ደግሞ አትደንግጡ። ጠቆር ባለ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው፣ ስስ ኩቴክስም አይደብቀውም። አዲስ የወጣ፣ አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ያለ፣ እየሰፋ ወይም እየተለወጠ የሚሄድ ከሆነ ግን ኩቴክሱን አስለቅቃችሁ ለሐኪም አሳዩት።

አሁን ወደ ወተቱ ልመለስ። የኔ ጣጣ እሱ ላይ ነበርና።

ኩቴክስ የምንለው መጀመሪያ የኩባንያ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 በጥፍር ዙሪያ ያለውን ቀጭን ቆዳ የሚያለሰልስ ፈሳሽ ይዞ ነበር የተነሳው። ጥፍር ቀለሙ በኋላ የመጣ ነው፣ የድሮዎቹም ቀለሞች በአብዛኛው ብርሃን የሚያሳልፉ ነበሩ። ድፍኑ የበረታው እ.ኤ.አ. በ1932 ሬቭሎን ሲመሠረት ነው፤ ሟሚ ቀለም ትቶ የደቀቀ ዱቄት ቀለም፣ ማለትም ፒግመንት፣ ተጠቀመ። እንግዲህ ዛሬ «ስስ ሮዝ» ብለን የምንፈልገው ወደ ጥንቱ መመለስ ነው ማለት ይቻላል።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድነው? ሲደርቅ ሽፋን የሚሠራው ናይትሮሴሉሎስ ነው። እነ ኢቲል አሲቴትና ቡቲል አሲቴት ያሟሙታል፣ ተነው ይሄዳሉ፣ ያ የሚታወቀው ሽታ የእነሱ ነው። ከዚያ ቀለሙ። ስስ በሚባሉት ውስጥ ቀለሙ ጥቂት ነው። ግን የቀለሙ ዓይነትም አለ። ወተታማ የሆኑት ውስጥ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አለ፤ የግድግዳ ነጭ ቀለምን ነጭ የሚያደርገው ያው ዱቄት። ብርሃንን አያሳልፍም፣ ይበትነዋል። ጄሊ የሚባሉት ደግሞ ነጩ የላቸውም ወይም እጅግ ጥቂት ነው። ባለቀለም ብርጭቆ ናቸው።

የእኔ አቋም ይኼ ነው፤ ጠይምና ጠቆር ላለ ሰው ከሞቃትና ቀዝቃዛው ይልቅ የነጩ መጠን ይበልጣል። ሞቅ ያለ ይሁን ቀዝቀዝ ያለ፣ ነጭ የበዛበት ሮዝ ቡናማ ጥፍር ላይ አመድ ነው። ፈካ ላለች ሴት ደግሞ ያው ነጭ ጥፍሯን ያለሰልስላታል። «ይኼ ሮዝ ለሁሉም ይሄዳል» የሚለውን ማስታወቂያ የማላምነው ለዚህ ነው። ኤሲ የተባለው ኩባንያ ባሌት ስሊፐርስ የሚል ስም የሰጠው ፈዛዛ ሮዝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ጸጉር ሠሪ ለንግሥቲቱ እንዲላክ በደብዳቤ የጠየቀው ቀለም ነው ይባላል፣ ስሙም በዚህ ገነነ። ለእሳቸው እጅ ተስማማ። እኔ ግን የንግሥቲቱ እጅ የለኝም።

ነጩን ሱቅ ውስጥ ሳይከፍቱ መለየት ይቻላል። ብልቃጡን ወደ ብርሃን ያዙት፣ ከኋላው ጣታችሁን አድርጉ። የጣታችሁ ጥላ ከታየ ጄሊ ነው። ምንም ካልታየ ወተት ነው። ወይም ብልቃጡን ገልብጣችሁ መልሱት። ከአንገቱ ላይ ቀለሙ ቀስ እያለ ሲወርድ ስስ ሆኖ ይቀራል። ጥፍር ላይ የሚቀረው ቀለም እሱ ነው፣ ብልቃጡ ሆድ ውስጥ የተጠራቀመው አይደለም። ብልቃጥ ውስጥ ያለው ሁልጊዜ ከጥፍሩ ይደምቃል። እኔ ስንት ጊዜ በሆዱ ተታልያለሁ!

ከዚያ ሙከራ ጀመርን። እህቴ ያላትን ሮዝ ሁሉ ሰበሰበች፣ እኔም ያለኝን። አሥራ አንድ ብልቃጥ። አሥራ አንዱም «አንድ ዓይነት» ናቸው፤ እንዲያ ነበር ባለቤቴ ሲስቅብን ያለው። መጀመሪያ ግልጽ ፕላስተር ላይ ቀባን። ፕላስተሩ ተጨማደደ፣ የሚያሟሟው ነገር አበላሸው። ከዚያ ግልጽ አርቴፊሻል ጥፍሮች ላይ በየተራ ሁለት ሁለት እጅ ቀብተን አደረቅናቸው። በጥፍራችን ላይ ስናስቀምጣቸው ግን ሁሉም የደበዘዙ መሰሉን። ለካ በመካከል አየር አለ። አንዲት ጠብታ ውሃ ጥፍሬ ላይ አድርጌ ፕላስቲኩን ስጫነው ብልጭ አለ፤ ቀለሙ ከጥፍሬ ጋር ገጠመ። ያቺ ጠብታ ውሃ ብዙ ብር ታድናለች።

የእህቴን ወተታማ ሮዝ እኔ ጥፍር ላይ ስናደርገው ጠመኔ፣ እንደተጠበቀው። የእኔ ኮክ ቀመስ ቢጫ። ሊላክ ወደሚባለው ፈዛዛ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሮዝ ደግሞ ጣቶቼን ውርጭ የመታቸው አስመሰላቸው። አንድ አቧራ የለበሰ የሚመስል፣ ጥቂት ቡናማ የገባበት ሮዝ ጄሊ ነበር፣ ብልቃጡ ውስጥ ሲያዩት የሚያስጠላ። እሱን ስናስቀምጠው ሁለታችንም ዝም አልን። የራሴ ጥፍር ሆኖ፣ ግን የተኛ፣ የጠገበ፣ ውሃ የጠጣ ጥፍር። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ደማቅ የእንጆሪ ቀለም ያለው ጄሊ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ሮዝ አይባልም፣ ቀይ ነው። አንድ እጅ ብቻ ሲሆን ግን የእኔ ጥፍር ላይ ንጹሕ ሮዝ ሆነ። እህቴ ጥፍር ላይ ያው ቀለም ጭማቂ የደፋች አስመሰላት።

ስለዚህ ለጓደኞቼ ሲጠይቁኝ እንዲህ እላለሁ። ሞቅ ያለ ቃና ያላችሁ ኮክና ሳልመን (ብርቱካናማ ሮዝ) ቀመሱን ሞክሩ፣ ግን ከቆዳችሁ ጋር አንድ እስኪሆን አትሂዱ። ጣት ያለ ጥፍር ይመስላል። ቀዝቀዝ ያላችሁ ሰማያዊ የገባባቸውን ሮዞች አትፍሩ። መሐለኞች፣ ምን እላችኋለሁ፣ ታድላችኋል። ጠቆር ያላችሁ፣ ቃናችሁ ምንም ይሁን ምን፣ ወደ እንጆሪ፣ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ቡናማ የሚያደላ ጄሊ ፈልጉ። ፈዛዛውን እርሱት። ጄሊ ከሆነ በአንድ እጅ እንኳ ይበቃል።

አረንጓዴ ቀመሶቹ ግን፣ የኔ ቢጤዎች፣ ወጥመዱ ለእኛ ነው። ሕፃን ሕፃን የሚሸት ንጹሕ ሮዝ እጃችንን የባሰ አረንጓዴ ያደርገዋል። ይኼን የሚያስረዳ የቆየ ታሪክ አለ። ሚሼል ዩጂን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በፓሪሱ የጎብላ ምንጣፍና መጋረጃ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደብዛዛ ነው፣ ቀለሙ ደካማ ነው የሚል ቅሬታ መጣበት። መረመረ። ጥቁሩ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ ጥቁሩን ከሰማያዊ ጎን መሸመናቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ይኼን ጉዳይ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። ቀለም ጎረቤቱን ይለውጣል፣ ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። የሮዝ ተቃራኒ ደግሞ አረንጓዴ ነው። እንግዲህ ከእኔ ቆዳ ጎን ንጹሕ ሮዝ ስትጎልቱ ምን እንደሚሆን ገምቱት። አቧራ የለበሰው ሮዝ የተስማማኝ ጩኸቱ ስለተቀነሰለት ነው።

ብርሃኑንም ሳልጠቅሰው አላልፍም። ያቺ ኮክ ቀመስ ሱቅ ውስጥ ስሞክራት ታምር ነበር። የሱቁ አምፖል ቢጫ ነው፣ በብርሃን ቀለም መለኪያው 2700 ኬልቪን አካባቢ የሚባለው ዓይነት፤ ቀን የሚታየው ብርሃን ግን ከ5500 እስከ 6500 ይሆናል። ሱቅ ውስጥ የሁሉም ሰው እጅ ሞቅ ያለ ነው። ስልክ ካሜራም አይታመንም፣ ነጩን በራሱ ፈቃድ ያስተካክላል። አንድ ጣት ብቻ ቀብቶ ወደ ደጅ መውጣት ነው የሚሻለው። አንዴ ጠቋሚ ጣቴን ብቻ ቀብቼ በር ላይ ቆሜ ወደ ሰማይ ሳነሳው የጎረቤት ልጅ እሱም ጣቱን አንስቶ «ምን አለ?» አለኝ።

አቀባቡ ላይ አጭር ነገር ልበል። ቤዝ ኮት፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት ከስር የሚቀባው፣ ይኑር፤ ጥፍር ከድሮ ደማቅ ቀለም ቢጫ ከሆነ ስሱ ሮዝ ያንን ቢጫ እያሳየ ኮክ ይሆናል። እጁ ይሳሳ። በአንደኛውና በሁለተኛው እጅ መካከል ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገሡ። ሦስተኛ እጅ ሌላ ቀለም ነው፣ ስስነቱ ይጠፋል፣ የመረጣችሁትም ቀለም አይሆንም። ሲወፍርባችሁ አሴቶን አትጨምሩ፣ ብልቃጡን ይገድለዋል።

ጠመኔው ምን ሆነ? ልጥለው ነበር፣ ግን የእህቴ ነው። አንድ ማታ አንድ በጣም የሳሳ እጅ እሱን ቀባሁ፣ ሲደርቅ ከላዩ ያንን የእንጆሪ ጄሊ ደረብኩበት። ነጩ ከስር ሆኖ ብርሃኑን መለሰለት፣ እንጆሪው ደግሞ አመዱን ሸፈነ። ጠዋት እህቴ እንደገና እጄን ወደ መስኮቱ ጎተተችው።

«እንዴ እትዬ፣ ይሄ የትኛው ነው?»

«ያው ጠመኔው ነው።»

አላመነችኝም። ሁለቱንም ብልቃጦች ወሰደች፣ ልሞክረው ብላ። ሁለት ወር አለፈ።